የእናቴን ፈትል ላዳኑልኝ እናት

ይህን የምጽፈው እንድታውቋቸው ብዬ ነው። ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ በሚያወጣው መንገድ ገባ ብሎ፣ እቤታቸው ሆነው የሀገር ባህል ልብስ የሚያጥቡና የሚተኩሱ እናት አሉ። ስሜን አትጻፊ ስላሉኝ አልጽፍም። ሰፈሩ የሚጠራቸው እማማ ብሎ ነው፣ እኔም እንደዚያው ልበላቸው።

የመልሴን ቀሚስ ማግ የፈተለችው እናቴ ናት። ድሩ የፋብሪካ ክር ነው። ማጉን ግን ጥጡን ዳምጣ፣ አስነድፋ፣ ባዘቶውን በእንዝርት እያሾረች፣ ማታ ማታ ከሥራ ስትመለስ ነው የጨረሰችው፤ ዓመት ሊሞላ ምንም አልቀረውም ነበር። ከዚያ ልቃቂቱን ለአንድ የጨንቻ ሸማኔ ሰጠችው። ዛሬ ዓይኗ ደክሟል፣ አትፈትልም። ያ ቀሚስ ከሄደ ሌላ የለም ማለት ነው።

ሊሄድም ነበር። ዘመድ ሠርግ ላይ ወጥ ነካውና አንድ ላውንድሪ ሰጠሁት። ሲመለስ የጥለቱ ቀይ ነጩ ላይ ለቆ ጠርዙ ሮዝ ሆኗል። ጥልፉን ደግሞ በጋለ ካውያ በፊቱ በኩል ተጭነውት ልሙጥ ብሏል። ለእናቴ ሳልነግራት ሁለት ወር ሙሉ ሻንጣ ውስጥ ደበቅኩት።

እማማ ጋ የላከችኝ ጎረቤቴ ናት። ቀሚሱን ሲቀበሉኝ መጀመሪያ በር ላይ ወጥተው ብርሃን ላይ ዘረጉት። በጣታቸው ዳሰስ ዳሰስ አደረጉና «ይሄ እኮ የእጅ ፈትል ነው፣ ማን ፈተለው?» አሉኝ። እንባዬ መጣ። ላውንድሪው የጠየቀኝ መቼ እንደምወስደው ብቻ ነበር።

በረኪና አይነካውም አሉ፣ ፈትሉን ይበላዋል። ቀዝቃዛ ውሃ ብቻ፣ እሱንም እየደጋገሙ እየቀየሩ። አይጨምቁም፣ ውሃው በራሱ እንዲንጠፈጠፍ ይተዉታል፣ ከዚያ ጥላ ውስጥ ያሰጡታል። «ጨርሶ ይለቃል ብዬ አልዋሽሽም ልጄ» ብለውኝ ነበር። በአምስተኛው ቀን ስሄድ ሮዙ የት እንደነበር ለሚያውቅ ሰው ብቻ የምትታይ ትንሽ ጥላ ቀርታለች።

አተኳኮሳቸውን አጠገባቸው ቁጭ ብዬ አየሁት። እርጥበቱ ጨርሶ ሳይለቀው ይጀምራሉ። ወፍራም ፎጣ ያነጥፉና ጥልፉን በፊቱ ይደፉበታል፣ በግልባጩ ላይ ስስ ነጭ ጨርቅ ያለብሱታል፣ ከዚያ ካውያውን ያዝ፣ ነሳ፣ ያዝ፣ ነሳ ያደርጋሉ እንጂ አይጎትቱትም፣ ምክንያቱም ሲጎተት ሸማው ይወላገዳል። ሲገለብጡት ያ ልሙጥ ያለው ጥልፍ ቀና ብሎ ተነሳ። የሚያብረቀርቅ ወርቃማ ክር ያለበት ልብስ ከሆነ ካውያው ለብ ያለ መሆን አለበት፣ ያ ክር በሙቀት ይኮማተራል። ነጠላዬንም ወስጄላቸው ነበር። ተፈትቶ የነበረውን ጫፉን ሳልጠይቃቸው ቋጭተው መለሱልኝ።

ለነጭ ጋቢ አንዳንዴ እንዶድ ይጠቀማሉ። ፍሬውን ወቅጠው ውሃ ውስጥ ሲያሹት አረፋው እንደ ሳሙና ነው። ኢትዮጵያዊው ተመራማሪ ዶክተር አክሊሉ ለማ በፈረንጆቹ 1964 አድዋ ላይ፣ እንዶድ የቢልሃርዚያን በሽታ የሚያስተላልፈውን ቀንድ አውጣ እንደሚገድል ያስተዋሉት፣ ሰዎች ልብስ የሚያጥቡበት ወንዝ ዳር ነበር። ይህን ስነግራቸው ደስ አላቸው፣ «እናቶቻችን ያጠቡበት ነዋ» አሉ።

አሁን ነጠላዬን ራሴ ነው የምተኩሰው። ቅዳሜ ማታ፣ ልጆቹ ከተኙ በኋላ፣ ሬዲዮም ስልክም ሳልከፍት። ሁለቱን ንብርብር አራግፌ ጥለቱን ከጥለቱ ጋር አገጥማለሁ፣ ውሃ እፍ እልበታለሁ። ካውያው ሲያልፍ ያ የሞቀ ጥጥ ሽታ ይወጣል። የተጨማደደው ሲዘረጋ የሳምንቱ ድካም አብሮ የሚለቀኝ ይመስለኛል። አጥፌ ወንበር ላይ አስቀምጠውና ሳልተኛ አንዴ መለስ ብዬ አየዋለሁ። ጠዋት ለቤተክርስቲያን ሳጣፋው እጥፋቱ ገና አለ።

የምትሄዱ ካላችሁ አትቸኩሉባቸው። ቢያንስ አራት ቀን ይፈልጋሉ፣ ለነገ ይድረስልኝ ካላችኋቸው አይቀበሏችሁም። ዋጋቸው ከላውንድሪ ትንሽ ከፍ ይላል፣ ለእኔ ግን ከልፋታቸው አንጻር ያንሳል። ዘይት ወይም ወጥ የነካው ቦታ ካለ ሳትደብቁ አሳዩአቸው፣ ቤት ውስጥ ራሳችሁ ልታስለቅቁ አትሞክሩ። ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ እንደሚባለው ታኅሣሥ ላይ ሥራ ይበዛባቸዋል፣ ስለዚህ አሁኑኑ ውሰዱላቸው። ስልካቸውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ እሳቸውን አስፈቅጄ እሰጣችኋለሁ።

እማማ፣ እግዚአብሔር ጤና ይስጥልኝ፣ እጅዎ ይባረክ። ቀሚሱን ባለፈው እሁድ ለብሼ እናቴ ጋ ሄድኩ። እጅጌውን ይዛ ክሩን በጣቷ ስታሽ ቆየችና «ይሄኛው ልቃቂት ወፈር ብሎብኝ ነበር» አለችኝ።