ጥንቃቄ፦ «በእጅ የተሳለ» እየተባለ የሚሸጠው የጎንደር ጌም

ስታዲየም አካባቢ ጌም የምታስጭኑ ሁሉ ይቺን አንብቡልኝ። አንድ ሱቅ የጎንደር ነገሥታትን ዘመን የሚያሳይ የኮምፒውተር ጌም «ሙሉ በሙሉ በሀበሻ ሠዓሊዎች በእጅ የተሳለ፣ ድምፁም የእኛው ተዋንያን» እያለ በ2,400 ብር እየሸጠ ነው። ታናሽ ወንድሜ ይህን ቃል አምኖ በቴሌብር ከፍሎ አስጭኖ መጣ።

ከፍተን አየነው። በር ላይ የቆመው ዘበኛ ጦር የያዘበት እጁ ስድስት ጣት አለው። የፋሲል ግንብ ማማዎች አንዱ ቦታ አራት፣ ሌላው ቦታ ሦስት ናቸው። ሰንደቁ ላይ ያለው ጽሑፍ ከሩቅ ፊደል ይመስላል፤ ሲያጎሉት ግን የማይነበብ ጭረት ነው። ተራኪው ደግሞ የሚጠብቀውን እያላላ፣ የሚላላውን እያጠበቀ፣ ንጉሥ ሲሞትም ገበያ ሲደራም በአንድ ቃና ያነበንባል። የኤአይ (የሰው ሠራሽ አስተውሎት) ሥራ ነው፤ ያውም ማንም ቁጭ ብሎ ያላረመው። ወንድሜ ሊመልሰው ሲሄድ «የተጫነ አይመለስም» አሉት።

ኤአይ መጠቀም በራሱ ነውር ነው አልልም። ብቻውን የሚለፋ ልጅ ተጠቅሞበት በግልጽ ቢናገር ገዝቼ እሞክርለታለሁ። የሚያንገበግበኝ ማንም ያልደከመበትን በሰው ድካም ስም መሸጡ ነው። ብዙዎቹ የሥዕል ኤአዮች የሠለጠኑት ባለቤቶቹ ሳይጠየቁ ከኢንተርኔት በተሰበሰበ ሥራ ነው። አሜሪካ ውስጥ የጌም ድምፅ ተዋንያንም ድምፃቸው ሳይፈቅዱ ለኤአይ እንዳይውል ብለው ከሐምሌ 2024 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ አንድ ዓመት ገደማ ሥራ አቁመዋል። ይህ ሱቅ እኮ ከብሔራዊ ቴአትር በእግር የሚደረስበት ነው! ተዋናይ ጠፍቶ ነው?

ከመክፈላችሁ በፊት ጌሙን ስቲም (Steam) በሚባለው የኢንተርኔት የጌም መሸጫ ላይ ፈልጉት። ከ2024 መጀመሪያ ወዲህ አምራቾች ኤአይ የት እንደተጠቀሙ እዚያ መግለጽ አለባቸው፤ ከጌሙ ገለጻ በታች ታገኙታላችሁ። የሚሞላው አምራቹ ራሱ ስለሆነ ግን ፎቶዎቹንም አጉልታችሁ እዩ። በራሳችሁ አካውንት ከስቲም የገዛችሁትን በ14 ቀን ውስጥ፣ ከ2 ሰዓት በታች ከተጫወታችሁት፣ ገንዘባችሁን ማስመለስ ትችላላችሁ። ጌሙን ስቲም ላይ የሚከፍተውን ኮድ ከሱቅ ከገዛችሁ ግን ስቲም ገንዘብ አይመልስም።

ስቲም ላይ ካጣችሁት እዚያው ሱቁ ውስጥ አስከፍታችሁ እዩ፤ «በእጅ የተሳለ» የሚለውንም ደረሰኙ ላይ አስጽፉ። የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 አሳሳች ማስታወቂያን ይከለክላል፤ ስትከራከሩ ያ ወረቀት ይጠቅማችኋል። አልጽፍም ካለ አትክፈሉ።