ረስትና ሲ በሊነክስ ከርነል ሜሞሪ ሲጋሩ፦ ባለቤቱ የትኛው ይሁን?

ረስት የተባለው የፕሮግራም ቋንቋ በ6.1 ስሪት (እ.ኤ.አ. 2022) በሲ ቋንቋ ወደተጻፈው ሊነክስ ከርነል (የስርዓተ ክወናው እምብርት) ከገባ ወዲህ፣ ሁለቱ የሚጋሩትን ሜሞሪ የሚይዘውና የሚለቀው የትኛው ይሁን የሚለው ጥያቄ በረስት ሾፌር (ከርነሉን ከሃርድዌር የሚያገናኝ ፕሮግራም) የሚጽፍን ሰው ያጋጥመዋል። ረስት አንድን እሴት ሲያዛውር ባይቶቹን ወደ አዲስ ቦታ ይገለብጣል፤ የሲው ሚውቴክስ (በአንድ ጊዜ አንድ ተጠቃሚ ብቻ የሚያስገባ መቆለፊያ) ግን በውስጡ የተጠባባቂዎች ዝርዝር ስላለው፣ ዝርዝሩም ባዶ ሲሆን ፖይንተሮቹ (የሜሞሪ አድራሻ ያዦቹ) ወደ ራሱ ስለሚያመለክቱ፣ ከቦታው ከተነሳ የለቀቀውን አድራሻ እንዳመለከቱ ይቀራሉ።

አንደኛው አማራጭ ረስት ባለቤት ሆኖ የሲውን ስትራክት (የመረጃ መዋቅር) በውስጡ እንዲይዝና በፒን-ኢኒት (እሴቱ ከቦታው እንዳይነሳ አድርጎ በሚያስጀምር መሣሪያ) እዚያው በሚኖርበት ቦታ እንዲያስጀምረው ማድረግ ነው። ወጪው ትንሽ ነው፤ ተጨማሪ ቆጣሪ አይፈልግም። አደጋው ያለው ፍጻሜው ላይ ነው፦ ሜሞሪው ሲለቀቅ ለምሳሌ ታይመር (ጊዜው ሲደርስ የተመደበለትን ኮድ የሚጠራ) አድራሻውን ገና ይዞ ከሆነ ሲ የሞተ ሜሞሪ ይነካል። ስለዚህ ድሮፕ (እሴቱ ሲያበቃ ረስት የሚጠራው የማጽጃ ኮድ) ታይመሩን መሰረዝ ብቻ ሳይሆን፣ የተጀመረ ጥሪ ካለ እስኪያልቅ መጠበቅ አለበት። ስህተት በብዛት የሚገባው እዚህ ላይ ይመስለኛል።

ሁለተኛው፣ ሲ ባለቤት ሆኖ ረስት በኤሬፍ (ARef) በኩል የማጣቀሻ ቆጣሪውን (ነገሩን ስንት ተጠቃሚ እንደያዘው የሚቆጥረውን) እየጨመረና እየቀነሰ እንዲጠቀም ነው፤ የታስክ ስትራክት (ከርነሉ ስለ አንድ የሚሠራ ፕሮግራም መረጃ የሚይዝበት) አያያዝ እንዲህ ነው። ወጪው አቶሚክ (በመሀል የማይቋረጥ) ቆጠራ ነው። ሲ ይዘቱን በማንኛውም ጊዜ ሊለውጠው ስለሚችል ስትራክቱ በኦፔክ (ረስት ስለ ይዘቱ ምንም እንዳይገምት በሚያደርግ መጠቅለያ) ይጠቀለላል፤ ብቸኛ ባለቤትነትን የሚያውጅ ተለዋዋጭ ሬፈረንስም አይፈጠርለትም።

ዕድሜው ከሾፌሩ ጋር ለሚያበቃ መቆለፊያ የመጀመሪያው ይስማማል። ከርነሉ ራሱ ለፈጠረውና ብዙ ክፍሎች ለሚይዙት ነገር ግን ሁለተኛው ይሻላል።