አምባር አስሮ የዱር እንስሳን መከታተል፦ ከመግዛት በፊት የሚነበብ ንጽጽር

ከውጭ አገር የሚመጣ ዘመድ በሻንጣው ከሚይዛቸው ስጦታዎች መካከል አሁን አሁን ከዶቃ የተሠራ ቀለል ያለ አምባር እየተጨመረ ነው። አምባሩ ከአንዲት ትንሽ ካርድ ጋር ይሰጣል፤ በካርዷ ላይ ያለው ኪውአር ኮድ በስልክ ሲነበብ የአንዲት የባሕር ኤሊ፣ የአንድ ዝሆን ወይም የአንድ ሻርክ ስምና ፎቶ ይወጣል፤ እንስሳው የተጓዘበት መንገድም በካርታ ላይ ተሰምሮ ይታያል። ከሽያጩ ገንዘብ የተወሰነው ለጥበቃ ሥራ እንደሚውልም ይነገራል። በምኖርበት በቡራዩ በኩል፣ ልጆቻቸው በትምህርት ቤት የተፈጥሮ ክበብ የሚሳተፉ ወላጆች «ይህ ነገር በእርግጥ ለእንስሳቱ ይጠቅማል ወይስ እንዲያው ጌጥ ነው? የሚሻል ሌላ አለ?» እያሉ ስለሚጠይቁኝ፣ አምባሩን ከሁለት ሌሎች የጌጥ ዓይነቶችና ያለ ምንም ጌጥ በቀጥታ ከመደገፍ ጋር አነጻጽሬ ማቅረብ ተገቢ መስሎ ታይቶኛል።

አቋሜን አስቀድሜ ልግለጽ። የዚህ አምባር ትልቁ ጥቅም ማስተማሩ ነው። ዋና ሐሳቡ ገንዘቡ ለእንስሳቱ እንዲደርስ የሆነ ገዢ ግን ከዚህ በታች ከምጠቅሳቸው ሌሎች አማራጮች አንዱን ቢያስቀድም ይሻለዋል።

በዚህ ዓይነት አምባር በስፋት የሚታወቀው ፋህሎ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ነው። አብረውት ከሚሠሩት የጥበቃ ድርጅቶች መካከል ለባሕር ኤሊ ሲ ተርትል ኮንሰርቫንሲ፣ ለዝሆን ሴቭ ዘ ኤሌፋንትስ፣ ለዋልታ ድብ ደግሞ ፖላር ቤርስ ኢንተርናሽናል ይገኙበታል። የአንዱ አምባር ዋጋ በአብዛኛው ከ15 እስከ 20 ዶላር ባለው ውስጥ ነው። ገዢዎች አብዝተው የሚሳሳቱበትን አንድ ነገር እዚህ ላይ ማጥራት ያስፈልጋል፦ በአምባሩ ውስጥ ምንም የመከታተያ መሣሪያ የለም። መሣሪያው ያለው በእንስሳው ላይ ነው፤ የሚያስሩትም ተመራማሪዎች ናቸው፤ ካርዱ የሚያደርገው ተመራማሪዎቹ ከሰበሰቡት መረጃ ለሕዝብ የተፈቀደውን ማሳየት ብቻ ነው። እንስሳውም የአንድ ገዢ ብቻ አይደለም፤ ያችኑ ኤሊ ብዙ ሰዎች ሊከታተሏት ይችላሉ። ይህንን ለልጅ አስቀድሞ መንገር ኋላ ከሚመጣ ቅሬታ ያድናል።

ከቀለሙና ከዶቃው ይልቅ ሊታሰብበት የሚገባው የእንስሳው ምርጫ ነው፤ ምክንያቱም ካርታው ምን ያህል ጊዜ እንደሚታደስ የሚወስነው የእንስሳው አኗኗር ነው። የባሕር ኤሊ መሣሪያ ብዙውን ጊዜ በጠንካራ ማጣበቂያ በጀርባዋ ጠንካራ ሽፋን ላይ ይለጠፋል፤ አንቴናውም ኤሊዋ ለመተንፈስ ወደ ውኃው ገጽ ብቅ በምትልበት ቅጽበት ወደ ሳተላይት ምልክት ይልካል። ተመልሳ ስትጠልቅ ግንኙነቱ ይቋረጣል። ስለዚህ በካርታው ላይ የሚታየው መስመር ነጠላ ነጥቦች ተያይዘው የተሠሩበት እንጂ ኤሊዋ የዋኘችበት ትክክለኛ መንገድ አይደለም። መሣሪያው ከወራት በኋላ፣ ቢዘገይ ከአንድ ዓመት ወይም ከዚያ ትንሽ ካለፈ ጊዜ በኋላ ባትሪው ያልቃል ወይም ራሱ ተነቅሎ ይወድቃል። ምልክቱ ጠፋ ማለት ኤሊዋ ሞተች ማለት አይደለም።

ይህ ሁሉ ቢሆንም ለታዳጊ ልጅ ኤሊን እመርጣለሁ፤ ጉዞዋ ረጅም፣ ታሪኳም ግልጽ ነውና። ኮስታሪካ ውስጥ በቶርቱጌሮ የባሕር ዳርቻ እንቁላላቸውን የሚጥሉ አረንጓዴ ኤሊዎች ብዙዎቹ ከዚያ በኋላ ወደ ሰሜን ወጥተው በኒካራጓ የባሕር ጠረፍ ወዳለው የባሕር ሣር ይሄዳሉ። እነዚህን ኤሊዎች የማጥናቱ ሥራ የተጀመረው ከ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አንሥቶ ሲሆን፣ ከላይ የጠቀስኩት የኤሊ ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ1959 የተመሠረተው ከዚሁ ሥራ ጋር ተያይዞ ነው። በአንድ ቤት ውስጥ ያየሁት ልጅ የስልኩን ካርታ በሁለት ጣቱ እያሰፋ መስመሩ ከባሕሩ ዳርቻ ተነሥቶ ወደ ሰሜን ሲታጠፍ ከተመለከተ በኋላ «ለምን እዚያው አትበላም?» ብሎ ጠየቀ። እንቁላል መጣያውና መመገቢያው የተለያዩ ቦታዎች ስለሆኑ አንዱ አገር ብቻውን ቢጠብቃት እንደማይበቃ ለማስረዳት ከዚያ የተሻለ መነሻ አይገኝም።

ዝሆን ደግሞ ተደጋጋሚ መረጃ ለሚፈልግ ሰው ይስማማል። በአንገቱ ላይ የሚታሰረው ማሰሪያ ቦታውን በጂፒኤስ ይመዘግባል፤ እንስሳው በየብስ ላይ ስለሚኖር ምልክቱን የሚያቋርጥ ውኃ የለም፤ ባትሪውም ለዓመታት ሊያገለግል ይችላል። ሴቭ ዘ ኤሌፋንትስ እ.ኤ.አ. በ1993 በኬንያ የተቋቋመ ሲሆን ዋና የምርምር ሥፍራው ሳምቡሩ ነው። እንዲህ ያለው ክትትል ያስገኘው ጥቅም በተግባር የሚታይ ነው፦ ዝሆኖች ከአንድ ግጦሽ ወደ ሌላው የሚሸጋገሩበት መስመር ከታወቀ መንገድና አጥር ያንን መስመር ሳይዘጋ ሊሠራ ይችላል፤ እ.ኤ.አ. በ2011 በኬንያ ተራራ ግርጌ ዝሆኖች በአውራ ጎዳና ሥር መሻገር የጀመሩበት መተላለፊያ ለዚህ ጥሩ አስረጂ ነው። ገዢው ማወቅ ያለበት ግን ለሕዝብ የሚቀርበው የዝሆን ካርታ ሆን ተብሎ ሊዘገይ እንደሚችል ነው፤ ዛሬ ያለበት ቦታ ዛሬውኑ ቢወጣ ሕገወጥ አዳኝም ያየዋልና። መዘግየቱ እንስሳውን የሚጠብቅ ጥንቃቄ ስለሆነ እንደ ጉድለት ሊቆጠር አይገባም፤ እንዲያውም በሰዓቱ አሳያለሁ የሚል ሻጭ ቢገኝ የሚያጠራጥረው እርሱ ነው።

የሻርክ መሣሪያ በክንፉ ላይ ስለሚታሰር ክንፉ ከውኃ ካልወጣ ምልክቱ አይደርስም፤ ለሳምንታት ዝም ሊል ስለሚችል ትዕግሥት ለሌለው ሰው አልመክረውም። የዋልታ ድብ ካርታ ከተሰጣችሁ ደግሞ እንስሳዋ ሴት መሆኗ አይቀርም፤ የአዋቂ ወንድ ድብ አንገት ከራሱ ስለሚወፍር ማሰሪያው ወልቆ ይወድቃል፤ ስለዚህም ለረጅም ጊዜ ማሰሪያ ሲደረግላቸው የኖሩት ሴቶቹ ናቸው።

ወደ ገንዘቡ ስንመጣ፣ ሻጩ ማንም ይሁን ማን ሁለት ቃላትን ለይቶ ማንበብ ይጠይቃል፦ «ከሽያጭ» እና «ከተጣራ ትርፍ»። አንድ አምባር በ18 ዶላር ተሸጠ እንበል። ከሽያጩ 10 በመቶ ይሰጣል ከተባለ ለጥበቃው 1 ዶላር ከ80 ሳንቲም ይደርሳል። ከተጣራ ትርፍ 10 በመቶ ከተባለና ኩባንያው ከማምረቻ፣ ከማስታወቂያና ከማጓጓዣ በኋላ 4 ዶላር ቢተርፈው ግን የሚደርሰው 40 ሳንቲም ብቻ ነው። ይህ ለማስረዳት የተሠራ ስሌት እንጂ የማንም ኩባንያ ሒሳብ አይደለም፤ ልዩነቱ ግን ይህን ያህል ሰፊ ሊሆን ይችላል። የሚቀበለውን ድርጅት ስም የማይገልጽ፣ «ለእንስሳት ጥበቃ እንለግሳለን» ብሎ ብቻ የሚያልፍ ሻጭ ካጋጠመ ገንዘብን አለማውጣት ነው።

እንስሳ ከሚከታተሉበት አምባር ጎን ለጎን ሊታይ የሚገባው ሁለተኛው ጌጥ ከሽቦ ወጥመድ የሚሠራው ነው። በዛምቢያ ሳውዝ ሉዋንግዋ ብሔራዊ ፓርክ አጠገብ የሚሠራው መልበሪ ሞንጉስ የተባለ ድርጅት፣ ጠባቂዎች በጫካ ውስጥ ለቅመው የሚያመጡትን የወጥመድ ሽቦ የአካባቢው ሴቶች ቆርጠውና ቀጥቅጠው አምባር፣ የአንገት ሐብልና የጆሮ ጌጥ እንዲያደርጉት ያሠራል፤ ከገቢውም ለፀረ አደን ጥበቃው ይሰጣል። የሽቦ ወጥመድ ክፋቱ አለመምረጡ ነው፤ ለሥጋ ተብሎ ለድኩላ የተዘረጋ ሽቦ አንበሳን በአንገቱ፣ ዝሆንን በኩምቢው ይይዛል፤ እንስሳው በታገለ ቁጥር ይጠብቃል። ይህንን ጌጥ የምወድበት ምክንያት ቀጥተኛ ነው፦ በእጅ ላይ ያለው ሽቦ ከጫካ የወጣ ሽቦ ነው። ካርታ የለውም፣ ስም ያለው እንስሳም አይሰጥም፤ ዋጋውም እንደ ሥራው ብዛት ከዶቃው አምባር በእጅጉ ሊበልጥ ይችላል። ለአዋቂ ሰው፣ በተለይም ለሠርግ ወይም ለምረቃ ስጦታ ለሚፈልግ፣ ከሦስቱ ጌጦች የማስቀድመው እርሱን ነው። ገጹ ሸካራ ሊሆን ስለሚችል ለሕፃን አይሆንም።

ሦስተኛው ፎር ኦሽን የተባለው ኩባንያ የሚሸጠው አምባር ነው። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ2017 በፍሎሪዳ ሲጀመር አንድ አምባር በ20 ዶላር ሲሸጥ አንድ ፓውንድ፣ ማለትም ግማሽ ኪሎ ገደማ ቆሻሻ ከባሕርና ከዳርቻው እንደሚያነሣ ቃል ገብቶ ነበር። የሚከታተሉት እንስሳ የለም። ዓላማው ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ባሕር የሌላት አገር ልጅ ስለ ፕላስቲክ የሚማርበት ወንዝ ከደጁ እያለ ለዚህ ዶላር ማውጣቱ አያስፈልገውም እላለሁ።

አራተኛው መንገድ ጌጥ የለውም፤ ለእኛ ግን ከሁሉም የቀረበ ነው። ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ፣ ሆለታ አቅራቢያ ቦርን ፍሪ የተባለው ድርጅት የሚያስተዳድረው እንሰሳኮቴ የተባለ የዱር እንስሳት ማገገሚያና ትምህርት ማዕከል ይገኛል። በሕገወጥ ይዞታ የነበሩ አንበሶችና በኮንትሮባንድ ወደ ባሕረ ሰላጤው አገሮች ሊሻገሩ ሲሉ የተያዙ የአቦሸማኔ ግልገሎች የሚጠለሉት እዚያ ነው። ከቡራዩ ወይም ከገፈርሳ ለሚነሣ ሰው መንገዱ ያው የአምቦ መንገድ ነው፤ አስቀድሞ ደውሎ ቀጠሮ መያዝ ግን ይበጃል። ለአንድ አምባር የሚወጣው ብር ለልጅ የጉዞ ወጪ ቢውል፣ ከካርታ ላይ መስመር ይልቅ በአጥር ማዶ የሚተነፍስ አንበሳ ያያል። በዚያው መንገድ ገፈርሳ ግድብ ላይ ለጥቂት ጊዜ ቢቆም በኢትዮጵያ ከፍተኛ ሥፍራዎች ብቻ የሚኖረውን ባለ ሰማያዊ ክንፍ ዝይ ለማየት ዕድል ሊገጥመው ይችላል።

ከዚህ ጋር የሚነሣው ቀይ ቀበሮ ነው። በዓለም ላይ የቀሩት 500 ገደማ ሲሆኑ ከግማሽ የሚበልጡት ባሌ ተራሮች ውስጥ ናቸው። ከትልልቅ ሥጋቶቻቸው አንዱ ከውሻ የሚተላለፍ የእብድ ውሻ በሽታ ነው፤ ከ1995 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የሚሠራው የኢትዮጵያ ቀይ ቀበሮ ጥበቃ ፕሮግራም በአካባቢው ያሉ ውሾችን ያስከትባል፤ እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ ደግሞ ለቀበሮዎቹ ራሳቸው በሥጋ ውስጥ የሚሰጥ ክትባት ተጀምሯል። ለዚህ የሚሰጥ ገንዘብ የሚሠራው ሥራ በግልጽ የሚታወቅ በመሆኑ፣ ዓላማው ድጋፍ ብቻ ለሆነ ገዢ ከአምባር ሁሉ በፊት ይህንን አቀርባለሁ።

ስለ ዕቃው ጥራት ትንሽ ልጨምር። የዶቃው አምባር የሚሰካው በላስቲክ ክር ነው፤ ዕቃ በሚታጠብበትና ሊጥ በሚቦካበት እጅ ላይ ከዋለ ክሩ ይላላል፤ ሁልጊዜ በአንጓ ላይ አንከባሎ ከማውለቅ ይልቅ በጣቶች ሰፋ አድርጎ ማውጣት ዕድሜውን ያረዝመዋል። ትንንሽ ዶቃዎች ስለሚበተኑ ሦስት ዓመት ላልሞላው ሕፃን አይሰጥ። ካርዱ ከአምባሩ ቀድሞ ይጠፋል፤ ኮዱ ከተፋቀ ወይም ካርዱ ከተጣለ እንስሳውን ማግኘት ስለሚያስቸግር በደረሰ ቀን በስልክ ፎቶ ማንሣት ነው።

በገበያ ላይ «የዝሆን ፀጉር ነው»፣ «የጥንት የዝሆን ጥርስ ነው» እየተባለ የሚቀርብ አምባር ካጋጠመ በምንም ምክንያት አይገዛ። አገራችን በመጋቢት 2007 ዓ.ም. ከ6 ቶን የሚበልጥ የተያዘ የዝሆን ጥርስ በጉለሌ የዕፅዋት ማዕከል ያቃጠለችው ይህ ንግድ እንዲቆም ነው። በኤርፖርት ሲያዝም በሕግ ያስጠይቃል።

አሁን ወደ ማስመጣቱ። ከውጭ ድረ ገጽ በቀጥታ ማዘዝ የውጭ ምንዛሪ የሚቀበል ካርድ ይጠይቃል፤ በከተማው ዳርቻ ደግሞ ቤት ድረስ የሚያመጣ ፖስተኛ ስለማይገኝ ዕቃው የሚመጣው በፖስታ ሳጥን ቁጥር ነው፤ ማጓጓዣውና ቀረጡ ተደምሮ ከአምባሩ ዋጋ ሊበልጥ ይችላል። ስለዚህ ለአንድ አምባር ብቻ ማዘዝ አያዋጣም። የክበቡ ወላጆች ተሰባስበው ለመምጣት ለተቃረበ ዘመድ ቢያስገዙ የተሻለ ነው፤ ሲያስገዙም ለሁሉም ልጆች አንድ ዓይነት ከማድረግ ግማሹን ኤሊ፣ ግማሹን ዝሆን ቢያደርጉ፣ በክበቡ ግድግዳ ላይ በተሰቀለ የአፍሪካና የአሜሪካ ካርታ ላይ የባሕሩንና የየብሱን ጉዞ በየሳምንቱ በእርሳስ እያሰመሩ ሊያነጻጽሩ ይችላሉ።