የዋልታ ድብ ለመቅረጽ፦ የሳሙና ድንጋይ ወይስ ሰርፔንቲን?

የካናዳ አርክቲክ ነባር ሕዝብ የሆኑት ኢኑይቶች ናኑቅ የሚሉትን ድብ ሲቀርጹ አቋሙን በአብዛኛው የሚወስነው ድንጋዩ ነው።

የሳሙና ድንጋይ፣ ኩሊቅ የተባለው የስብ መብራት ጥንት የሚሠራበት፣ ለስላሳ ነው፤ ንጹሑ በጥፍር ይጫራል። መጋዝና ሞረድ ይበቁታል። ቀጭን እግር ግን አይሸከምለትም፣ ቁርጭምጭሚቱ ላይ ይሰበራል። በአራት እግሩ የቆመ፣ እግሮቹ ወፍራም የሆኑ ድብ ያምርበታል። ከተወለወለ በኋላም ቶሎ ይቧጨራል።

ሰርፔንቲን በካናዳ አርክቲክ ባለችው በኪንጋይት (የቀድሞዋ ኬፕ ዶርሴት) የተለመደ፣ ብዙ ጊዜ አረንጓዴ የሆነ ድንጋይ ነው። ኢኑይቱ ቀራጺ ፓውታ ሳይላ (1916–2009) የታወቀባቸው ጨፋሪ ድቦች፣ አንዳንዶቹ በአንድ እግር የቆሙ፣ ጥንካሬ ያለው ድንጋይ ይፈልጋሉ። ግራይንደር ያስፈልገዋል፣ ጊዜም ይበላል። የተደበቀ ስንጥቅ ካለው ግን ጥንካሬው ከንቱ ነው፦ ድንጋዩን አርጥበው ሲደርቅ ይመልከቱ፤ ስንጥቁ መጨረሻ ላይ የሚደርቅ ጥቁር መስመር ሆኖ ይታያል። የሚቆምበትን እግር እስከ መጨረሻው ወፍራም አድርገው ይተዉት፤ አስቀድሞ ከቀጠነ የግራይንደሩ ንዝረት ይሰብረዋል።

ማለስለሱ ላይ ብዙም አይለያዩም፦ 220፣ 400፣ 600 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት በውኃ፣ ከዚያ ድንጋዩን አሙቆ ሰም መቀባት። አቧራቸው አስቤስቶስ ሊኖረው ስለሚችል፣ ሁለቱንም አርጥቦና ፊት ላይ በደንብ የሚገጥም የማጣሪያ ጭምብል አድርጎ መሥራት ግድ ነው።