እናቴን 72 ደረጃ ላወረደችልኝ ሲስተር

"ስሜን እንዳትጽፊ፣ ሥራዬን ነው የሠራሁት" ብላኛለች። እሺ ብያታለሁ። ግን ስም አለመጻፍ ሌላ፣ ዝም ማለት ሌላ ነው። ስለዚህ በየካ አባዶ በኩል የምትኖሩ፣ በር ተዘግቶባቸው የሚውሉ እናት ወይም አባት ያሏችሁ ሰዎች፣ ትንሽ ረዘም ቢልባችሁም አንብቡልኝ። ሰፈራችን ውስጥ በመንግሥት በጀት የሚተዳደር የአረጋውያን የቀን መዋያ አለ። እዚያ የምትሠራ አንዲት ነርስ አለች፣ ሁላችንም "ሲስተር" ነው የምንላት። የዛሬው ምስጋናዬ ለእሷ ነው።

መጀመሪያ ጥፋቴን ልናገር። መዋያው ሊከፈት ነው ተብሎ ነዋሪው ሲሰበሰብ ከተቃወሙት አንዷ እኔ ነበርኩ። እጄን አውጥቼ "ውሃ በፈረቃ እየመጣ፣ መንገዱ ክረምት በገባ ቁጥር ጭቃ እየሆነ፣ በሕዝብ ገንዘብ አረጋውያንን ሰብስቦ ቡና ማፍላት ቅንጦት አይሆንም ወይ?" አልኩ። ተጨበጨበልኝ። ኩራት ኩራት አለኝ እንኳን። በዚያው ሰዓት የገዛ እናቴ አራተኛ ፎቅ ላይ ብቻዋን ተቀምጣ መስኮት መስኮቱን እያየች ነበር።

እማዬ 74 ዓመቷ ነው። ልብስ ሰፊ ናት። መርካቶ፣ በግለሰብ ስፌት ቤት ተቀጥራ ዕድሜዋን ጨርሳለች። የግል ድርጅት ሠራተኞች የጡረታ አዋጅ የወጣው በ2003 ዓ.ም. ነው፣ እሷ ደግሞ ያኔ ዓይኗ ደክሞ ሥራ ካቆመች ሁለት ዓመት ሆኗት ነበር። ስንት ሙሽራ አልብሳ የራሷ ጡረታ የላትም። የምትቀበለው የሟቹን አባቴን ግማሽ ነው።

የኮንዶሚኒየም ዕጣ ሲወጣልኝ ከአራት ኪሎ ይዣት መጣሁ። እልል ብለን ነው የገባነው። የደረሰን አራተኛ ፎቅ ነው፣ ሃያ ሰማንያ ስለሆነ ሊፍት የለውም። 72 ደረጃ። እሷ ናት የቆጠረችው። መጀመሪያ በየቀኑ ትወርድ ነበር፣ ቀጥሎ ለቤተ ክርስቲያን ብቻ፣ ቀጥሎ በወር አንዴ፣ ከዚያ "ዛሬስ ጉልበቴ እንጃ" ማለት ጀመረች። የአራት ኪሎ እድሯን ወርሃዊ መክፈል አላቋረጠችም። ለቅሶ መድረስ ግን አቃታት፣ ለሷ ደግሞ ለቅሶ አለመድረስ ማለት ከሰው ተራ መውጣት ነው። እኔ ጠዋት 1 ሰዓት ወደ መገናኛ እወጣለሁ፣ ማታ 1 ሰዓት እመለሳለሁ። "ምሳ በላሽ?" ስላት "በላሁ" ትለኛለች። መሶቡን ስከፍተው እንጀራው እንደተጠቀለለ ነው።

መዋያው ከተከፈተ በኋላ ሲስተር ቤት ለቤት እየዞረች አረጋውያንን ትመዘግብ ነበር። እኛም ጋ መጣች። እማዬ ቡና እንኳን ጠጪ ሳትላት አሰናበተቻት። ማታ እኔ ላይ ጮኸችብኝ፦ "ለማኝ ልታደርጊኝ ነው? ልጅ እያለኝ?" ሰው ነገሩን ከተስፋ ብርሃን የምገባ ማዕከል ጋር ያምታታዋል፣ አንዳንዱ ደግሞ እንደ መቄዶንያ መጠለያ የሌላቸው የሚገቡበት ይመስለዋል። የታችኛው ፎቅ ጎረቤታችንም ሰምተው "ምነው፣ ልጅቷ ሰለቸቻት እንዴ?" ብለው አስወሩብን። እውነቱን ለመናገር እኔም የፈራሁት ይሉኝታውን ነው። መዋያ ማለት ግን ጠዋት ሄደው፣ ከሰው ጋር ውለው፣ ማታ ቤታቸው የሚያድሩበት ነው። ልጅ ትምህርት ቤት ስለሄደ ቤተሰቡ ጣለው አይባልም።

ከሳምንት በኋላ ሲስተር እንደገና 72ቱን ደረጃ ወጣች። በዚያ ቀን ስለ መዋያው አንድም ቃል አልተነፈሰችም። የተተረተረ ነጭ ጋዋን ከቦርሳዋ አወጣችና "እማማ፣ ሰፊ ነበሩ ሲሉ ሰምቼ ነው። ይቺን ቢያዩልኝ? ሰጥቼው የነበረው ልጅ አበላሸብኝ" አለቻት። እማዬ መነጽሯን አጠለቀች፣ ስፌቱን ገለበጠችው፣ ከዚያ ያንን የማላውቀውን ልጅ ወረደችበት። "ይሄ ስፌት ነው? ይሄማ የጆንያ አፍ መዝጊያ ነው!" በእጇ ሰፍታ ስትጨርስ መሸ። በማግስቱ ጋዋኑን ራሷ ካላደረስኩ አለች። በጎረቤት ልጅ ተደግፋ፣ በየፎቁ እያረፈች ወረደች። ሲስተር ጋዋኑን ሆን ብላ ተርትራው እንደሆነ ደጋግሜ ጠይቄአታለሁ፣ እስካሁን ከመሳቅ በቀር መልስ የለም።

ቦታው ግዙፍ ነገር አይምሰላችሁ። ለዓመታት ተዘግቶ የቆየ የኮንዶሚኒየም ኮሚናል ነው፣ ያው ለበዓል እርድና ለድግስ ተብሎ ተሠርቶ የአይጥ መጫወቻ ሆኖ የነበረው። ቀለም ተቀባ፣ ወንበርና ፍራሽ ገባለት። ከጠዋቱ 2፡30 እስከ 9 ሰዓት ክፍት ነው። ሲገቡ ግፊት ይለካሉ፣ ትንሽ ይንቀሳቀሳሉ፣ ቡና ይፈላል፣ ምሳ ይበላል፣ ረቡዕና አርብ ለሚጾሙት ሽሮ አለ። ሴቶቹ ጥጥ ይፈትላሉ። ወንዶቹ ጥቂት ናቸው፣ ይኮራሉ መሰለኝ። የመጡት ግን ዳማ ላይ ተጣብቀው ነው የሚውሉት፣ ተሸናፊው ለምሳ እንኳን አይነሳም።

እንቅስቃሴው ሲባል አትሳቁ። ከወንበር እጅ ሳይደገፉ አሥር ጊዜ መነሳትና መቀመጥ፣ ግድግዳ ይዞ በአንድ እግር መቆም፣ ይኸው ነው። እኔ ስቄ ነበር። ሲስተር ናት የዓለም ጤና ድርጅት ለአረጋውያን በሳምንት ሦስት ቀንና ከዚያ በላይ ሚዛንና ጉልበት የሚያጠነክር እንቅስቃሴ እንደሚመክር ያስረዳችኝ፣ በዚህ ዕድሜ አንድ መውደቅ ማለት የዳሌ ስብራት፣ የዳሌ ስብራት ማለት ደግሞ አልጋ ማለት ሊሆን ስለሚችል። እማዬ ዛሬ በ72ቱ ደረጃ መሃል የምታርፈው አንዴ ብቻ ነው፣ ሁለተኛው ፎቅ ላይ፣ እሱም ለወሬ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። በሁለተኛው ሳምንት ሲስተር "የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ በፌስታል ጠቅልለው ያምጡልኝ" አለቻት። እማዬ የግፊት መድኃኒት ከታዘዘላት ስድስት ዓመት ሆኗታል። ተከታትላ የምትወስድ ይመስለኝ ነበር። ፌስታሉ ሲዘረገፍ ግን የወራት ክኒን ሳይነካ ተገኘ፣ አንዳንዱ ጊዜው አልፎበታል። ለካ የምትወጠው ራሷን ሲያማት ብቻ ነው። "ሲሻለኝ ለምን ብዬ እውጣለሁ?" ትላለች። የዚያን ቀን ስትለካ 180 በ100 ነበረች፣ እሷ ደግሞ ምንም አይሰማትም። በየጊዜው የምንሄድበት ጤና ተቋም መድኃኒቱን ይጽፉልናል እንጂ እንዴት እንደምትወስደው የጠየቃት አልነበረም። በሰልፉ ብዛት አልፈርድባቸውም፣ ግን አልጠየቋትም። ሲስተር አጠገቧ ቁጭ ብላ "እማማ፣ ግፊት እንደ እንግዳ አንኳኩቶ አይገባም። ራስ ምታቱን አይጠብቁት፣ በየቀኑ ይውሰዱ" አለቻት። የዚያኑ ዕለት ለሐኪም አሳየቻት፣ የጤና መድኑን እድሳትም አስታወሰችን። ካርዱ ጊዜው አልፎ ነበር፣ እኔ ተማርኩ የምለው አላየሁትም። አሁን ግፊቷ 130ዎቹ ውስጥ ነው።

አንድ የክረምት ጠዋት ደግሞ ቢሮ ሆኜ ስልኬ ጮኸ። ሲስተር ናት። "እማማ እስከ 4 ሰዓት አልመጡም፣ ስልክም አያነሱም፤ ዘበኛውን ልኬዋለሁ።" ሌሊት ሆዷ ሲያስቀምጣት አድሮ እኔን ላለማስጨነቅ ዝም ብላለች፣ እኔም ተኝታለች ብዬ በሩን ቀስ ብዬ ዘግቼ ነው የወጣሁት። ሲደርሱላት ከአልጋ መነሳት አቅቷት ነበር። ጤና ጣቢያ ወስደው ግሉኮስ ሰጧት፣ በማግስቱ ቀና አለች። ያ መዋያ ባይኖር ማታ 1 ሰዓት ምን ይጠብቀኝ እንደነበር ማሰብ አልፈልግም። ከቡናውም ከምሳውም ይልቅ የምከፍልበት ነገር ቢኖር ይህ ነው፣ ስትቀር "የት ሄደች?" የሚል ሰው መኖሩ። ድሮ አራት ኪሎ ይህን ጎረቤት በነጻ ይሠራው ነበር። እዚህ ፎቅ ላይ ጎረቤቱም እንደኔ መገናኛ ነው የሚውለው።

የአክስቴ ልጅ ሜሪላንድ ለእንዲህ ዓይነት መዋያ ሹፌር ነው፣ አረጋውያንን በቫን እየሰበሰበ ያመጣል፣ ያበሻ እናቶችም ሞልተውበታል። የአብዛኞቹን ሜዲኬይድ ነው የሚከፍለው፣ ማለትም መንግሥት። እሱ እንደነገረኝ በዚያ አገር ቀደም ብለው ከጀመሩት አንዱ እንደ ፈረንጆቹ በ1973 ሳን ፍራንሲስኮ ቻይና ሰፈር የተከፈተው ኦን ሎክ ነው። የሰፈሩ ስደተኞች ወላጆቻቸውን አረጋውያን ማቆያ ከማስገባት ቀን ቀን የሚውሉበት ቦታ ይሻላል ብለው ነው። ሰምቼ ደነገጥኩ። ይሉኝታውም የኛ ብቻ አይደለም ማለት ነው።

"ገንዘቡ ያዋጣል ወይ?" ለምትሉኝ፣ በተለይ ያኔ ላጨበጨባችሁልኝ፣ የኔ ሂሳብ ይኸው። እማዬን ስትሮክ ቢጥላት ሥራ የምለቀው እኔ ነኝ። ደሞዜ ይቀራል፣ ግብሬም ይቀራል፣ የሆስፒታሉ ወጪ በጤና መድኑ ላይ ይወድቃል። ከዚህ ጋር ሲተያይ አንድ ነርስ፣ ሁለት ተንከባካቢ፣ አንዲት ምግብ አብሳይና ባዶ የነበረ ኮሚናል ምን ያህል ቢሆን ነው? ሕገ መንግሥቱም አንቀጽ 41 ላይ መንግሥት አቅም በፈቀደ መጠን አረጋውያንን እንዲረዳ ይላል። "አቅም በፈቀደ" የምትለዋ ብዙ ነገር ትደብቃለች፣ እሱን አውቃለሁ።

ሁሉ ነገር ሙሉ ነው አላልኩም። ቦታው ጠባብ ነው፣ ተራ የሚጠብቁ አሉ። 9 ሰዓት መዘጋቱ ለሠራተኛ ልጅ አይመችም፣ እኛ ጋ ከመዋያው የሚያመጣት የጎረቤት ልጅ ነው። መኪና ስለሌለ ጨርሶ መውረድ የማይችሉት፣ ከሁሉ በላይ የሚያስፈልጋቸው፣ እዚያው ፎቃቸው ላይ ናቸው። ሐምሌ ላይ አዲሱ በጀት እስኪለቀቅ ቡናውን ሲስተር ከኪሷ ስትገዛ በዓይኔ አይቻለሁ። ይህንን እንደ ምስጋና አትቁጠሩት፣ ቅሬታ ነው። እሷ ራሷ በኮንትራት ነው የምትሠራው። ቋሚ ይደረግላት ብለን ፊርማ እያሰባሰብን ነው፣ የምትፈርሙ ሰንበት ከሰዓት ኮሚናሉ በር ላይ ታገኙናላችሁ።

ማስመዝገብ ለምትፈልጉ፣ የወረዳችሁ የሴቶች፣ ሕፃናትና ማህበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ሄዳችሁ ጠይቁ። የነዋሪነት መታወቂያ፣ የጤና መድን ካርድ፣ መድኃኒቱን ደግሞ ከነካርቶኑ ያዙ። አልሄድም ብለው እምቢ ቢሉ አትጩሁባቸው። የሚችሉት ሙያ ካለ ለሲስተር ሹክ በሏት፣ የቀረውን እሷ ታውቅበታለች።

ለእማዬ ከአንድ ነዋሪ ቤት አቧራ የጠጣ የእግር ሲንጀር ለምና አምጥታላታለች። አሁን የመዋያው ሰው ሁሉ ልብስ እሷ እጅ ነው፣ ነጠላ ትቀመቅማለች፣ የአባባዎቹን ኮት ገበር ትቀይራለች፣ ዚፕ ለማስገባት ግን ዓይኗ አልፈቀደላትም። ትናንት "ቁጥር 16 መርፌ ካላመጣሽ ሰኞ ሥራ ፈትቼ ልውል ነው" ብላ አስጠነቀቀችኝ። መርካቶ ዞሬ ያገኘሁት ሁሉ ለአዲሶቹ ማሽኖች ነው አሉኝ። ለድሮው የእግር ሲንጀር የሚሆን መርፌ የት እንደሚሸጥ የምታውቁ እባካችሁ ጻፉልኝ።