ማንቼ ሲሸነፍ የምናይበት ቤት፤ ጅማ፣ ፈረንጅ አራዳ

ጅማ ውስጥ ኳስ የሚያሳይ ቤት ሞልቷል። ቡድኑ ለሚያሸንፍ ሰው ሁሉም ይበቃዋል። እኔ የምጽፈው እንደ እኔ የማንቸስተር ዩናይትድ ደጋፊ ለሆነ፣ ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ልቡ ለሚሰቀል ሰው ነው። ፈረንጅ አራዳ፣ ከአስፋልቱ ገባ ብላ ያለችውን ቆርቆሮ ጣሪያ ቤት ሞክሯት።

በሩ ላይ ጥቁር ሰሌዳ አለ። ባለቤቱ ጠዋት የዕለቱን ጨዋታዎች ከነሰዓታቸው በጠመኔ ይጽፍበታል። ሰሌዳው ላይ የተጻፈ ጨዋታ እስከ መጨረሻው ፊሽካ ይታያል። አለቀ። ማንቼን ለማይደግፍ ሰው ይሄ ምንም ላይመስል ይችላል። ሌላ ቦታ ግን ሁለት ጎል ሲገባብን አንዱ ከኋላ ተነስቶ «ይሄማ አለቀለት፣ ወደ አርሴ (አርሴናል) ቀይረው!» ይላል። ሪሞት የያዘው ልጅም ይቀይረዋል። ከፍለን ገብተን የቡድናችንን ጨዋታ መጨረሻ በስልክ እንከታተላለን። በጣም ያናድዳል። የተሸናፊ ደጋፊም እኩል ከፍሏል እኮ።

ሚያዝያ 9 ቀን 2017 ማታ የሆነውን ልንገራችሁ። ጸሎተ ሐሙስ ነበር። ከፈረንሳዩ ሊዮን ጋር በሜዳችን ኦልድትራፎርድ ላይ ነው ጨዋታው፣ የዩሮፓ ሊግ ሩብ ፍጻሜ የመልስ ጨዋታ። 2 ለ 0 እየመራን 2 ለ 2 ሆንን። ተጨማሪ ሰዓት ተጀመረ። ሊዮን በ10 ሰው እየተጫወተ 4 ለ 2 አደረገው። ግማሹ ሰው ነጠላውንና ጃኬቱን ይዞ ወጣ። ከሌሊቱ 6 ሰዓት አልፏል። ባለቤቱ «በቃ እንዝጋ» ቢል ማንም አይቀየመውም ነበር። እሱ ግን ሻይ አዞረልን። ብሩኖ በፍጹም ቅጣት ምት አገባ። ማይኖ አቻ አደረገን። ቀጥሎ ማጓየር በጭንቅላት ገጨ፣ 5 ለ 4! ሰባት ደቂቃ ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ሦስት ጎል። ሌላ ቤት ብንሆን ቻናሉ ከተቀየረ ቆይቶ ነበር።

ከዚያ በኋላ የመጣውን ታውቁታላችሁ። ግንቦት 13 ቢልባኦ ላይ በዩሮፓ ሊጉ ፍጻሜ በቶተንሃም 1 ለ 0 ተሸነፍን። በዚያ የውድድር ዓመት አራት ጊዜ ገጠሙን፣ አራቱንም አሸነፉን። ሊጉን 17ኛ ሆኖ የጨረሰ ቡድን! እኛስ? 15ኛ። በ38 ጨዋታ 18 ሽንፈት፣ 44 ጎል፣ 42 ነጥብ። 20 ጊዜ ሻምፒዮን የሆነ ክለብ ነው ይሄ። እ.ኤ.አ. በ1974 ከወረደ ወዲህ እንዲህ ዝቅ ብሎ ጨርሶ አያውቅም። እኔን የሚያንገበግበኝ መሸነፉ ብቻ አይደለም። በጥቅምት አሰልጣኙን ቴን ሃግን አባረው፣ በኅዳር አሞሪምን አመጡ። ሰውየው በሦስት ተከላካይ ነበር የሚጫወተው። ለዚያ አጨዋወት የሚሆን የመስመር ተጫዋች በዚያ ዓመት የተገዛለት ዶርጉ ብቻ ነው፣ እሱም በጥር መጨረሻ፤ ለዝግጅት የሚሆን ጊዜም አልነበረውም። ተጫዋቾቹ በየሳምንቱ ሜዳ ላይ ይደናበሩ ነበር። እኛም ቁጭ ብለን እናይ ነበር።

ወደ ቤቱ ልመለስ። ሁለተኛው ጥሩ ነገር የባለቤቱ አያያዝ ነው። ሙድ መያዝ ይፈቀዳል፤ ያለሱ ኳስ ቤት የለም። የሰው እናት መሳደብና አግዳሚ መደብደብ ግን አይቻልም። ታህሳስ 21 ከኒውካስል ጋር በ19 ደቂቃ ሁለት ጎል ገባብን። በ33ኛው ደቂቃ አጥቂያችን ዚርክዚ ተቀይሮ ወጣ። የገዛ ደጋፊዎቻችን ስታዲየም ውስጥ መውጣቱን አይተው በደስታ ጮኹ። ልጁ አንገቱን ደፍቶ በቀጥታ ወደ መልበሻ ክፍል ገባ። ከኛ ቤት አርሴዎች አንዱ ማጨብጨብ ጀመረ። ባለቤቱ የቡና ሲኒ እየወለወለ ነበር። ቀና ብሎ «ተው እንጂ ልጄ፣ የሰው ልጅ ነው» አለው። ልጁም «እሺ ጋሼ» ብሎ እጁን ሰበሰበ። እኔ በዚያ ሰዓት ዓይኔ እንባ ሞልቶ ነበር። እንዲህ ያለ ሰው ያለበት ቤት ነው የምወደው።

ለሴቶችም አንድ ነገር ልበል። ብዙ ኳስ ቤት ሴት ስትገባ ዞር ብሎ የማያያት የለም። እዚህ ከታናሽ ወንድሜ ጋር ፊት ለፊት ባለው አግዳሚ፣ በግድግዳው ጥግ እንቀመጣለን። ማንም ምንም አይለንም። ጨዋታው ካመሸም ባለቤቱ የሚያውቀውን ባጃጅ ይጠራልናል።

መግቢያው ለተራ ጨዋታ 20 ብር ነው፣ ለትልቅ ጨዋታ 30። ቡናው ጓሮ ተቆልቶ ነው የሚፈላው፣ ሽታው እስከ በር ይመጣል። ምግብ የለም ማለት ይቻላል፤ ዳቦና ሳምቡሳ ብቻ ነው።

ጉድለትም አለው። ጅማ ዝናቧን ታውቁታላችሁ። ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ ኮሜንታተሩ ቢጮህም አይሰማም። ጣሪያው ከውስጥ ኮርኒስ የለውም። አግዳሚዎቹም መደገፊያ የላቸውም፣ ተጨማሪ ሰዓት ሲመጣ ወገብ ይቆርጣሉ።

ትልቁ ችግር ግን መብራት ነው። ጥምቀት ዕለት ታቦት ሸኝተን በነጠላችን ገባን፤ ጨዋታው ከብራይተን ጋር ነበር። ብሩኖ በፍጹም ቅጣት ምት አቻ አድርጎን 1 ለ 1 እያለን መብራት ሄደ። ጀነሬተሩ ቶሎ ተነሳ። ዲኮደሩ ግን ተነስቶ ሥዕል እስኪሰጥ ድረስ ሚቶማ አግብቶብን ጠበቀን። ቀጥሎ በረኛችን ኦናና እጁ የገባች ኳስ አምልጣው ሦስተኛው ተቆጠረ። እሱን እንኳ አየነው፣ ምነው ባላየነው። አሞሪም ራሱ ከዚያ ጨዋታ በኋላ ይሄ ምናልባት በክለቡ ታሪክ መጥፎው ቡድን ነው አለ።

ስለዚህ ጋሼ፣ ይህን ካነበብክ፣ ለዲኮደሩና ለቴሌቪዥኑ መብራት ሲሄድ የሚይዝ ባትሪ ግዛልን። ለዚህ ሲባል መግቢያው ላይ 5 ብር ብትጨምር እኔ በደስታ እከፍላለሁ፤ የማንቼ ልጆችንም ጠይቄያቸው ተስማምተዋል። ለአዲስ መጪዎች ደግሞ፣ ማንቼ ከሊቨርፑል ወይም ከአርሴ ጋር ሲሆን አንድ ሰዓት ቀድማችሁ ድረሱ። ካልሆነ የምትቆሙት በር ላይ ነው።