የእሳተ ገሞራ ስጋትና የጉዞ ኢንሹራንስ፦ ርካሹ፣ ውዱ ወይስ ቀኑ የሚቀየር ትኬት?

ከኅዳር 2018 ዓ.ም. ወዲህ አዳማ ውስጥ የሚያውቁኝ ሰዎች ደጋግመው የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ነው፤ እሳተ ገሞራ ፈንድቶ ጉዞ ቢቀር ገንዘብ የሚያስመልሰው የትኛው ኢንሹራንስ ነው? መልሴን አስቀድሜ ልናገር፦ ለውዱ ኢንሹራንስ ያሰባችሁትን ገንዘብ ቀኑ በሚቀየር ትኬት ላይ አውሉት።

ይህን የተማርኩት ከአክስቴ ኪሳራ ነው። ዴልሂ የሚማር ልጃቸውን ለመጠየቅ ተመላሽ የማይሆን ትኬት በ84,000 ብር ቆረጡ፤ ጎረቤታቸው ለሸንገን (ለአብዛኞቹ የአውሮፓ አገሮች የጋራ) ቪዛ የተጠቀሙበትን ዓይነት ኢንሹራንስም በ1,900 ብር ገዙ። ኅዳር 14 ቀን በአፋር የሚገኘው ሃይሊ ጉቢ ፈነዳ። አመዱ እስከ 14 ኪሎ ሜትር ከፍታ ወጥቶ፣ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ፣ በየመንና በኦማን ላይ አልፎ በማግስቱ ማታ ዴልሂ ሲደርስ የህንድ አየር መንገዶች በረራዎችን ሰረዙ። የአክስቴ በረራ ግን አልተሰረዘም ነበር፤ እሳቸው ናቸው ፈርተው የቀሩት። በሻንጣው እጀታ ላይ ያሰሩትን ቀይ ሪባን ራሳቸው ፈትተው፣ ለልጃቸው የቋጠሩትን በሶና ሽሮ ወደ ጓዳ መለሱት። ከትኬቱ የተመለሰላቸው 11,000 ብር ብቻ ነው። የስረዛ ሽፋን፣ ማለትም ጉዞ ሲቀር ገንዘብ የሚመልሰውን፣ ለመጨመር ብንደውልም ፍንዳታው አስቀድሞ የታወቀ አደጋ ስለሆነ ከእንግዲህ የሚገዛ ሽፋን አይመለከተውም ተባልን።

ርካሹ ኢንሹራንስ አታላይ አይደለም፤ የተሠራበት ዓላማ ሌላ ነው። የሸንገን ሕግ ቢያንስ የ30,000 ዩሮ ሽፋን የሚጠይቀው ለድንገተኛ ሕክምናና ለሞት፣ እንዲሁም ታማሚን ወይም አስከሬንን ወደ አገር ለመመለስ ነው፤ የቀረ ጉዞ እዚያ ውስጥ የለም። ለቪዛ ከሆነ ግዙት፤ ነገር ግን ከደላላ አትግዙ። አንድ ጓደኛዬ በ900 ብር የገዛው ወረቀት ማኅተሙም ፊርማውም ያማረ ሆኖ ሳለ፣ ኩባንያው ዘንድ ደውለን የውሉን ቁጥር ስናስመረምር በሌላ ሰው ስም የተመዘገበ ሆኖ ተገኘ።

ስረዛን ለሚጨምረው ውድ ኢንሹራንስ ለዚያው ጉዞ የተጠየቅነው አረቦን 9,400 ብር ነበር፤ ካሳው ሲከፈልም የመጀመሪያው 15,000 ብር ከመንገደኛው ኪስ ይወጣል። ውሉን ያነበበ ሰው በእሳተ ገሞራ ጊዜ ሽፋኑ የሚሠራው አየር መንገዱ በረራውን ሲሰርዝ ወይም መንግሥት ጉዞውን ሲከለክል ብቻ መሆኑን ያያል። አየር መንገዱ ራሱ ከሰረዘ ደግሞ የትኬቱን ዋጋ መመለስ ወይም በሌላ በረራ ማሳፈር የእሱ ግዴታ ስለሆነ፣ 9,400 ብር የምንከፍለው በአብዛኛው ያለ ኢንሹራንስም ለሚመለስልን ገንዘብ ነው። ከአውሮፓ ኅብረት አገር ለሚነሳ በረራማ፣ አመድ አየር መንገዱን ከካሳ ነጻ ቢያደርገውም ከምግብና ከሆቴል ወጪ ነጻ እንደማያደርገው የኅብረቱ ፍርድ ቤት በ2013 እ.ኤ.አ. ወስኗል። ሆቴልና አስጎብኚ አስቀድሞ በሙሉ የከፈለ ሰው ይህን ኢንሹራንስ ቢገዛ አልቃወምም፤ ሆኖም የእሳተ ገሞራ አመድ በስሙ መጠቀሱን ያረጋግጥ። በ2010 እ.ኤ.አ. የአይስላንዱ አመድ የአውሮፓን ሰማይ ለቀናት በዘጋ ጊዜ፣ አመድ እንደ መጥፎ የአየር ጠባይ ይቆጠራል ወይስ አይቆጠርም በሚል ብዙ ክርክር ተነሥቶ ነበር።

ገና ያልፈነዳ እሳተ ገሞራ ሲሆን ጉዳዩ ይብሳል። በ2017 ዓ.ም. የፈንታሌ አካባቢ መንቀጥቀጥ እዚህ አዳማ ድረስ ሲሰማን፣ ታኅሣሥ 26 ቀንም በሬክተር ስኬል 5.7 ሲደርስ፣ ሁላችንም ዛሬ ነገ ይፈነዳል ብለን ጠብቀን ነበር፤ ቅልጥ ዓለት ግን ከመሬት አልወጣም። በዚያ ፍርሃት ጉዞውን የተወ ሰው ለኢንሹራንሱ የሚያቀርበው ማስረጃ ከወዴት ይመጣል? (እኛ እኮ ከመሬት በታች ባለው በዚሁ እሳት የሞቀውን የሶደሬን ፍል ውኃ ገንዘብ ከፍለን የምንታጠብ ሰዎች ነን።)

ቀኑ የሚቀየረው ትኬት ምክንያት አይጠይቅም። ለአክስቴ ጉዞ ተመላሽ ከማይሆነው ትኬት የሚበልጠው በ12,000 ብር ነበር፤ ያን ጊዜ በዛብን ብለን ነው የተውነው። በየካቲት ሁለተኛውን ትኬት ስንቆርጥ ግን ይህኛውን ያዝን። የልጃቸው ፈተና በመገፋቱ የጉዞው ቀን ሲቀየር ቅጣት አልተጠየቅንም፤ የከፈልነው የዋጋውን ልዩነት፣ 3,200 ብር፣ ብቻ ነው።